እትዬ ማርታ የቀረችባቸው አምስት ቀናት

አለፍኩ! ማታ ማታ ተምሬ የተፈተንኩትን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አለፍኩ! ውጤቱን ያየሁት የምሠራበት የብስኩት ፋብሪካ በር ላይ ቆሜ፣ በጥበቃው ስልክ ነው። የእኔ ስልክ ካርድ አልቆበት ነበር። ጥበቃው ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ቀና ብሎ አየኝና፣ "እውነት ይሄ ያንቺ ነው? የሌላ ሰው እንዳይሆን" አለኝ። ስሜን አሳየሁት። ከዚያ በኋላ የጮኸው እሱ ነው ወይስ እኔ፣ እስከ አሁን እንከራከራለን። ዱቄት ጭኖ ሊገባ የነበረው መኪና ሹፌር ግን ጥሩምባውን እየነፋ፣ "ሠርግ ነው እንዴ? በሩን ክፈቱልኝ!" ይል ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ልገባ ነው። ስለዚህ ሥራ ልለቅ ነው። የማሸጊያ ክፍል ሴቶች ይህን ሲሰሙ ስም አወጡልኝ፤ "ጡረተኛዋ" ይሉኛል። "ጡረተኛዋ፣ ወገብሽን እንዴት አደረገሽ?" "ጡረተኛዋ፣ ከዘራሽን ረሳሽ!" አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ይቀረኛል፤ የሠራሁትም ሁለት ዓመት ተኩል ብቻ ነው። ቢሆንም ቅር አላለኝም። ትልልቅ ሰዎች ሥራ ሲለቁ ያሳለፉትን ይጽፉ የለ? እኔም ልጽፍ ነው። ከሳቃችሁ ሳቁ።

ፋብሪካው የሚገኘው ሆሳዕና ዳር ነው። ሥራ የጀመርኩት አባቴ ታሞ በተኛበት ዓመት ነው። እናቴ ፎንቆ ከተማ አስተማሪ ናት። እሷ ብቻዋን ስትደክም ማየት ስላቃተኝ "ቀን እሠራለሁ፣ ማታ እማራለሁ" አልኳት። እናቴ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ በሦስተኛው ቀን የምሳ ዕቃ ገዝታልኝ መጣች።

መጀመሪያ የተመደብኩት ማሸጊያ ክፍል ነበር። ተንቀሳቃሹ ቀበቶ ብስኩቱን እየተሸከመ ይመጣል፤ እኛ ግራና ቀኝ ቆመን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለቱን አፍሰን እንደረድራለን። ስንጀምር ሁላችንም እንቆጥር ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ መቁጠር ይቀራል፤ አሥራ ሁለት ሲሞላ መዳፍ ራሱ ያውቃል። የቫኒላው ሽታ ግን ጸጉር ውስጥ ገብቶ አይለቅም። ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የሚቀመጡት የመዘምራን ልጆች "አንቺ ስትመጪ ስብከቱ መሃል ይርበናል" ይሉኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ሽታ ገና ሳልሄድ ናፈቀኝ።

ሰው ሲቀር ምን እንደሚሆን ያየሁት እዚያ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ከእኛ መስመር አራት ሴቶች ቀሩ። ቀበቶው ግን ለማንም አይጠብቅም። ብስኩቱ መጣ፣ ተደራረበ፣ ከዚያም ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እኛ በሁለት እጃችን የስምንት እጅ ሥራ ለመሥራት ስንራወጥ፣ ምድጃው ዘንድ ያሉት ደግሞ መስመሩ ሲቆም ውስጥ የቀረው ሁሉ ከሰል ሆነባቸው። የዚያን ቀን ቀሪዎቹን በሆዴ ረገምኳቸው። የቀሩበትን ምክንያት የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በአራተኛው ወር የእጅ ጽሑፏ ይነበባል ተብዬ ወደ በሩ ተዛወርኩ፤ የሰዓት ተቆጣጣሪው ረዳት ሆንኩ። ተቆጣጣሪው ጋሽ ሀንዲሶ ናቸው። የሆመቾ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከሸሚዛቸው ኪስ እርሳስ የማይለያቸው። ወንበር ተሰጥቷቸዋል፤ ማለዳ ግን አይቀመጡበትም። "ተቀምጠሽ ሰው ስትቀበዪ ፖሊስ ትመስያለሽ" ይላሉ። አንዱን በሀዲይኛ ሰላም ይሉና ቀጣዩን በከምባትኛ፣ ከወላይታ የመጣውን መካኒክ ደግሞ በአማርኛ ይቀበሉታል። ሁሉንም አንድ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። "ጥጃዋ ቆመች?" "ልጅሽ ሳሉ ተሻለው?" "ያ አጥር ታጠረ?"

መጀመሪያ ወሬ የሚወዱ ሽማግሌ መስለውኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። ጋሽ ሀንዲሶ ነገ ማን እንደሚቀር ዛሬ ያውቃሉ። ላሟ ልትወልድ የቀረባት ሴት፣ ሚስቱ ወሯ የገባ ሰው፣ በአካባቢው እንሰት ለመፋቅ ተራ የደረሳት፣ ሁሉም በጭንቅላታቸው ተመዝግቧል። ማታ ከመውጣታቸው በፊት ለፈረቃ አለቃው "ነገ ምድጃው ጋ ሁለት ሰው ይጎድልሃል፤ ከወዲሁ ተዘጋጅ" ይሉታል። እንዳሉትም ይሆናል። አንድ ቀን "ጋሽዬ፣ ነቢይ ነዎት እንዴ?" ብላቸው "ነቢይስ ሳይጠይቅ ነው የሚያውቀው። እኔ ጠይቄ ነው" አሉኝ።

የአሻራ ማሽን የመጣው እኔ እያለሁ ነው። በአዲስ ዕቃ ደስ ያለኝ እኔ ነበርኩ፤ መዝገቡን የሚገላግለኝ መስሎኝ። በመጀመሪያው ሰኞ ግን ማሽኑ ከገጠር የሚመጡትን ሴቶች ግማሽ ያህሉን "አላውቃችሁም" አላቸው። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ እንሰት ሲፍቁ የሰነበቱ ሴቶች ናቸው፤ የጣታቸው ጫፍ ተልጦ መስመሩ ጠፍቷል። ሴቶቹ ማሽኑ ፊት ተሰልፈው ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ፣ "ይኼ ከተሜ እኛን መች ያውቀናል!" እያሉ ሲሳሳቁ፣ ጋሽ ሀንዲሶ ዝም ብለው የድሮውን መዝገብ ከመሳቢያ አወጡና ስማቸውን ጻፉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሽኑም መዝገቡም ጎን ለጎን ይሠራሉ።

ስለ መዝገቡ አንድ ሕግ ነበራቸው። የሌላ ፋብሪካ ሰው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ቀሪ መጀመሪያ በእርሳስ ይጻፋል። ምክንያቱ ሲታወቅ ብቻ በእስክሪብቶ ይደምቃል ወይም ይጠፋል። "ሰው ባልመጣበት ቀን አፍ የለውም" ይሉኝ ነበር። "መጥቶ እስኪናገር ድረስ እርሳሱ ይናገርለት።" ምክንያት በሚለው ዓምድ ላይ ደግሞ "የግል ጉዳይ" ብሎ መጻፍ አይወዱም። "መንገዱን ጎርፍ ቆረጠው።" "በሬው ገደል ገባ።" "ከእህቷ ጋር ታርቃ አብራ አደረች።" የእሳቸውን መዝገብ ማንበብ የሰፈር ዜና ከመስማት ይጥመኝ ነበር። ማንበብ የወደድኩት ከመማሪያ መጽሐፍ አይደለም፤ ከዚያ ዓምድ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

አሁን ወደ እትዬ ማርታ ልምጣ። እስከ አሁን ዙሪያውን የዞርኩት እሱን መጻፍ ስለከበደኝ ነው።

እትዬ ማርታ ከከምባታ፣ የአንጋጫ ሴት ናት፤ ሳምንቱን ሆሳዕና ተከራይታ፣ ለእሑድ ባሏና ልጆቿ ጋ ትሄዳለች። ፋብሪካው ከተከፈተ ጀምሮ ምድጃው አፍ ላይ ቆማ ብስኩት በቀለሙ የምትለየው እሷ ነች። ቀይ ሊሆን አንድ ትንፋሽ የቀረውን ከሩቅ አይታ "ቀንሱ!" ትላለች፤ ይቀንሳሉ። ቀርታ አታውቅም።

ባለፈው ዓመት በአንድ እሑድ የጋሽ ሀንዲሶ ወንድም አረፉና እሳቸው ሆመቾ ለቅሶ ላይ ተቀመጡ። በሥራ ዘመናቸው ከቀሩባቸው ጥቂት ቀናት መሆኑን ጥበቃው ነግሮኛል። መዝገቡ እጄ ላይ ወደቀ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ለቅሶው እያለ ደስ ማለቴ ቢያሳፍረኝም፣ ማለዳ በሩ ላይ ብቻዬን ቆሜ መዝገብ ስይዝ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

ሰኞ እትዬ ማርታ አልመጣችም። በእርሳስ ጻፍኩ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ እስከ ዓርብ። በተከታታይ አምስት ቀን ያለ ፈቃድ የቀረ ይሰናበታል፤ ሁላችንም የምናውቀው ደንብ ነው። "ለቅሶ ነበረብኝ" የሚለው ስለበዛ ደግሞ፣ የሰው ሀብት ኃላፊያችን አቶ ብሩክ በዚያው ሰሞን አዲስ ቅጽ አውጥተው ነበር። ለቅሶም ቢሆን ፈቃድ የሰጠው አለቃ ስም ካልተሞላ አይያዝም።

ቅዳሜ ጠዋት መጣች። ፊቷ ከስቷል፣ ዓይኗ አብጧል።

"እትዬ፣ የት ጠፋሽ?"

"አማቴ ታመው ነበር። ሐሙስ አረፉ። ትናንት ቀበርን።"

"እግዜር ያጽናሽ። ማን ፈቀደልሽ?"

"የእኛ አለቃ።"

የሳምንቱን ተረኛ የፈረቃ አለቃ ጠራሁት። ብቅ አለና "እኔ? ኧረ እኔ አላየኋትም!" ብሎ ተመለሰ።

"እትዬ፣ አልፈቀድኩም አለ እኮ።"

"እሱ አይደለም። ያኛው።"

"ያኛው ማን? ስሙን ንገሪኝ፤ ቅጹ ላይ ልሙላው።"

የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

"እትዬ ማርታ፣ ስም ብቻ ነው የምፈልገው።"

አንገቷን ደፋች። ዓይኗን ከእኔ አሸሽታ መሬት መሬት አየች። "ታውቂዋለሽ" አለች ቀስ ብላ። ከኋላዋ ሰልፍ አለ፤ ሰዓት ሞልቷል። እኔ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዓይን የሚያሸሽ ሰው። ትምህርት ቤት የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ እንዲህ ነው የሚያደርገው። የዋሸች መሰለኝ። እስክሪብቶ አነሳሁና አምስቱንም ቀን አደመቅኳቸው፦ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ፈቃድ። እሷ አየችኝ፤ ዞራ ሄደች። እኩለ ቀን ላይ ሪፖርቱ ገባ። ሰኞ የስንብት ደብዳቤዋ ወጣ።

ጋሽ ሀንዲሶ ማክሰኞ ተመለሱ። ጢማቸውን አልተላጩም። መዝገቡን ገልጠው ገና ቆመው እያሉ ጣታቸው እዚያች መስመር ላይ ቆመ።

"ይህን ማን አደመቀው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሽዬ። ማን ፈቀደልሽ ብዬ ጠየቅኳት፤ ስም መናገር አቃታት።"

"አቃታት?"

"አንገቷን ደፋች።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "የባሏ አባት ማን እንደሚባሉ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ሎምባሞ ይባላሉ።"

የእሷ ፈረቃ የዘወትር አለቃ ስምም ሎምባሞ ነው። አቶ ሎምባሞ። መቅረት ከመጀመሯ በፊት በነበረው ዓርብ ማታ ፈቅደውላት፣ በማግስቱ ቅዳሜ የዓመት ፈቃዳቸውን ወጥተው አዲስ አበባ የሄዱት እሳቸው ናቸው። መውጣታቸውን በዚያው መዝገብ ላይ በራሴ እጅ ጽፌያለሁ! አላገናኘሁትም።

ለማታውቁ ላስረዳ። በከምባታ ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ባሊሻ ይሉታል፤ አክብሮት ነው። በእኛ በሀዲያም አለ። ስማቸው ሲነሳ ዓይኗንም ዝቅ ታደርጋለች። ከተማ ውስጥ እየቀረ ነው፤ እናቴ የአባቴን አባት በስማቸው ትጠራቸዋለች። እትዬ ማርታ ግን ትጠብቀዋለች። ፈረቃዋ ላይ ያሉት ሁሉ ያውቃሉ፤ አለቃቸውን ስትፈልግ ጓደኞቿ ይጠሩላታል። ያን ቅዳሜ ግን ከእነሱ አንድም ሰው ሰልፉ ላይ አልነበረም፤ ስሙን እንድትጠራ ያስጨነቅኳት ደግሞ እኚያን ሰው በቀበረች ማግስት ነው። ያፈረች የመሰለችኝ ሴት እያከበረች ነበር።

አለቀስኩ። ጋሽ ሀንዲሶ መሀረባቸውን ሰጡኝ፤ "በቃ" ግን አላሉኝም። ለቅሶዬ ሲያበቃ ወደ አዲስ አበባ ደወሉ። አቶ ሎምባሞ በስልኩ ውስጥ "እኔ ነኝ የፈቀድኩላት! ምን ሆናችሁ?" እያሉ ሲጮኹ እኔም ሰማሁ። ነገር ግን ደብዳቤው ተፈርሟል። አቶ ብሩክ "ራሷ ቅሬታ አቅርባ ካልፈረመች ጉዳዩ ዳግም አይታይም" አሉ። እሷ ደግሞ ሻንጣዋን ይዛ አንጋጫ ገብታለች፤ ስልኳን አታነሳም።

ቅዳሜ ከሰዓት ከጋሽ ሀንዲሶ ጋር በሚኒባስ ሄድን። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስደረድር መጥቼ፣ ስንደርስ አንዱም አልቀረልኝም። ቤቱ ለቅሶ ደራሽ አልተለየውም ነበር። እትዬ ማርታ ከእንሰቱ መሃል ወጣች፤ ጋሽ ሀንዲሶን አቅፋ አለቀሰች፤ እኔን በእጇ ጨበጠችኝ። ከሰው ተለይተን ጓሮ ቆምን።

"እትዬ፣ አላወቅኩም ነበር" አልኳት።

"አንቺ የአስተማሪ ልጅ፣ ፊደል ሁሉ አንብበሽ ይቺን አላወቅሽም?"

"ጽፈሽ ብታሳዪኝስ ኖሮ? ወረቀት ነበረኝ እኮ።"

እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። "ይቺ እጅስ የኔ አይደለችም? አፌ ያልጠራውን እሷ ትጽፈዋለች?"

ጋሽ ሀንዲሶ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። እሷ ግን አልሳቀችም። "የከፋኝ መባረሩ አይደለም" አለች። "ስንት ዓመት በዚያ በር ስገባ ስወጣ፣ ዋሸች ብለሽ መጻፍሽ ነው። እኔ ላንቺ እንዲህ ነበርኩ?"

የቅሬታውን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁላት። ቅሬታው ላይ ፈረመችልን፤ ለእኔ ሳይሆን ለጋሽ ሀንዲሶ ስትል።

አቶ ብሩክ ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ በጽሑፍ አቅርቢ አሉኝ። አራት ገጽ ጻፍኩ። ማዘኔን፣ እንቅልፍ ማጣቴን፣ የሕሊና ጸጸቴን፣ ሁሉንም። ጋሽ ሀንዲሶ እርሳሳቸውን አውጥተው አነበቡት፤ ግማሹን ሰረዙት። "ጋሽዬ፣ ይቺ እኮ ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ነች!" ብላቸው፣ "ቆንጆ ነች። ግን ስላንቺ ነች" አሉኝ። "ጉዳዩ የማርታ ነው። የጠየቅሻትን፣ የመለሰችውን፣ የጻፍሽውን ብቻ አስቀምጪ። የሚያዝን ሰው አንብቦ ይዘን።" ገጽ ተኩል ሆነ። በሕይወቴ ትክክለኛ ነገር የጻፍኩት ያን ጊዜ ነው። አቶ ብሩክ እፊቴ አነበቡት፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ተመልሰው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከዚያ "ቅጹን ያወጣሁት እኔ ነኝ" አሉ።

እትዬ ማርታ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰች። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኛል። ቅጹ ላይ የፈቃድ ሰጪው ስም በሠራተኛው ሳይሆን በአለቃው እጅ እንዲሞላ ተደረገ። ሁሉም ግን አልተመለሰም። ምድጃው አፍ ላይ ሌላ ሰው ተመድቦ ለምዶ ነበር፤ እሷን ማሸጊያ ክፍል አደረጓት። ዓመት ሊሞላት ነው፣ አሁንም እዚያው ነች። አንዳንድ ቀን በዚያ ሳልፍ፣ አሥራ ሁለቱን እየደረደረች ዓይኗ ወደ ምድጃው ሲሄድ አየዋለሁ። አፏ "ቀንሱ" ሊል ሲል ተመልሶ ይዘጋል። እኔ ያደመቅኩት ቀለም እዚያ ድረስ ደርሷል።

በሩ ላይም ጠዋት ጠዋት "እንደምን አደርሽ" ስላት "እግዚአብሔር ይመስገን" ብላኝ ታልፍ ነበር። ያችኑ ብቻ። ከመመለሷ ጀምሮ እስከ ትናንት ድረስ።

ትናንት ማታ ሥራ ስትጨርስ መዝገቡ ፊት ቆመች። ለመፈረም መስሎኝ እስክሪብቶ ሰጠኋት።

"ጡረተኛዋ" አለችኝ። እሷም ሰምታለች! "አለፍሽ አሉ።"

"አለፍኩ፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ከሚመጣው እሑድ በኋላ ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ እቤቴ ነይ። ያማቴ ሙት ዓመት ነው፤ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል። ልጄ አለፈች ብዬ እዚያው አስመርቅሻለሁ። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ደህና ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ይከተላል።"

ልጄ አለችኝ። አሁን በተራዬ አንገቴን የደፋሁት እኔ ነኝ።

"ብቻሽን እንዳትመጪ ደግሞ!" አለችኝ በሩን እየወጣች። "ሰው ይዘሽ ነይ። የምታውቂውንም የማታውቂውንም ጥሪ፤ ቆጮው ብዙ ነው፣ አይቡም አለ።"

እንግዲህ ጠርቻችኋለሁ። ይህን የምታነቡ፣ በዚያ እሑድ ወደ አንጋጫ የሚያዘልቃችሁ ካላችሁ ኑ፤ ጥሪ ያለችኝ እሷው ናት። ከገበያው ወርዳችሁ "የማርታ ቤት" ብትሉ ማርታ ብዙ ነችና ትንከራተታላችሁ። "የሎምባሞ ቤት" በሉ፤ ልጅ አዋቂው ያሳያችኋል፣ ቤቱ የሚታወቀው በእሳቸው ስም ነው። መንገድ ላይ ራሷን ሸፈን አድርጋ ውኃ የያዘች ሴት ካገኛችሁ ግን የዚያው ቤት ምራት ልትሆን ትችላለችና እሷን አትጠይቋት። ዝም ብላችሁ ተከተሏት፤ ትደርሳላችሁ።